የጊዜያዊ አሳዳጊነት ትርጉም

ጠበቃው በደረጃው ግርጌ በጀርባቸው ተንጋለው ተገኙ። መነጽራቸው ሦስት ደረጃ ከፍ ብሎ ቀርቷል። ያገኘቻቸው ጸሐፊያቸው ናት፤ ስምንት ሰዓት ላይ ሰነድ ኮፒ ልታስደርግ ወጥታ፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ወረቀቷን እንደታቀፈች ስትገባ እግራቸው አጠገብ ደረሰች። ጎንበስ ብላ ትንፋሻቸውን አዳመጠች፤ የለም። ስልክ ልትደውል ወደ ላይ፣ ወደ ቢሮው ሮጠች።

ለፖሊስ ነግራ ስልኩን ስታስቀምጥ፣ እንግዳ መቀበያው ጠረጴዛ ላይ ጠበቃው እኩለ ቀን ላይ ከፍርድ ቤት ያመጡትን ትእዛዝ አየች። «የሕፃኗ ጊዜያዊ አሳዳጊነት ለአባት ተሰጥቷል» ይላል። ዓይኗ በልማድ ወደ ግድግዳው ሄደ። እዚያ እሷው ተይባ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የለጠፈችው የሕግ ቃላት ማብራሪያ አለ፤ ቀለብ፣ የጋራ ሀብት፣ የመጎብኘት መብት፣ ሌላም ሌላም። ጠበቃው ለባለጉዳይ ማስረዳት ሞታቸው ነበር። ሰው «ምን ማለት ነው?» ካላቸው በእስክሪብቷቸው ግድግዳውን ያሳያሉ፤ አለቀ። አሮጌው ወረቀት ስለደበዘዘ ነው አዲስ የተየበችው። ስትቸኩል ግን አንድ መስመር ዘላለች። «ጊዜያዊ አሳዳጊነት» ከሚለው ጎን የቆመው፣ ከሥሩ ያለው «የወላጅነት ሥልጣን መሻር» ትርጉም ነው።

ምን እንደሆነ ገና በቅጡ ሳይገባት ወረቀቱን ከግድግዳው ገንጥላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

በማግስቱ ጠዋት ኢንስፔክተሩ ሦስት ሰዎች ወደ ቢሮው አስጠራ። ጠበቃው በሞቱበት ቀን ለትእዛዙ ጉዳይ ቢሮው ቀጠሮ የነበራቸው እነሱ ብቻ ነበሩ፦ በልጅቷ የሚካሰሱት አባቷ አናጢውና እናቷ ነርሷ፣ እንዲሁም የነርሷ እናት። የነርሷ ጠበቃ ነበሩ ሟቹ።

«የኔ ጽሕፈት ዶሮ የጫረችው ነው» አላት ኢንስፔክተሩ ጸሐፊዋን። «ኮፒ ቤቱ መስክሮልሻል፤ አንቺ ቃላቸውን ጻፊልኝ።» ከዚያ ግድግዳው ላይ የቀሩትን አራት የፕላስተር ቁራጮች በጣቱ ነካ ነካ አደረጋቸው። «እዚህ ምን ነበር?»

«የቀን መቁጠሪያ» አለች። ምላሷ እንዲህ ፈጣን መሆኑን እስከዚያች ደቂቃ አታውቅም ነበር።

መጀመሪያ አናጢው ገባ። እንጨት እንጨት ይሸታል።

«ባለፈው ሳምንት ጠበቃውን ‘ልጄን ብታስቀሩብኝ ጉድ ይፈላል’ ብለሃቸዋል።»

«ብያለሁ። አፌ እንደ መጋዜ ነው፤ እንጨት ሲያጣ እኔኑ ይቆርጠኛል።»

«ትናንትስ?»

«መጣሁ፣ የውጭውን በር አንኳኳሁ፣ የከፈተልኝ የለም። ሄድኩ።»

«ማን አየህ?»

«ማንም።»

«እስቲ አስረዳኝ፤ ጊዜያዊ አሳዳጊነት ምንድን ነው? እኔ ሁለት ጊዜ ተፋትቻለሁ። ሁለቱንም ጊዜ ሳይገባኝ ነው የፈረምኩት።»

አናጢው ሳይፈልግ ፈገግ አለ። «የመጨረሻው ውሳኔ እስኪሰጥ ልጄ እኔ ዘንድ ትቆያለች ማለት ነው። እናቷ እሑድ እሑድ ትወስዳታለች። የራሴ ጠበቃ ነው ወደ ማታ ደውሎ ያስረዳኝ።»

ሲወጣ በሩ ላይ የቆመው ፖሊስ ክንዱን ያዘው። ጸሐፊዋ አየች። የዛተው እሱ፣ ምስክር የሌለው እሱ፤ ዛሬ ከታሰረ ያቺ የስድስት ዓመት ልጅ አባቷን በነፍሰ ገዳይነት ታጣለች። ቦርሳዋን በእግሯ ወደ ወንበሩ ሥር ገፋችው።

ነርሷ ዓይኗ አብጦ ገባች። በቀጠሮው ቀን እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ተረኛ ስለነበረች በእሷ ፈንታ እናቷን ልካለች።

«ትእዛዙን መቼ ሰማሽ?»

«አሁን፣ እርስዎ ሲሉኝ። እማዬ ‘ዝግ ነው’ ብላኝ ነበር።»

«ትርጉሙ ገባሽ?»

«በምን ይገባኛል? ያን ያህል ወረቀት ፈረምኩ፤ ከስሜ በቀር የገባኝ የለም።»

መጨረሻ ላይ እናቷ ገቡ። ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፤ ተቀመጡ ሳይባሉ ወንበሩን አስተካክለው ተቀመጡ።

«እማማ፣ ትናንት ወደ ላይ ወጥተዋል?»

«በዝግ በር እንዴት አድርጌ ልውጣ፣ ልጄ?»

«ይሁን። ጊዜያዊ አሳዳጊነት የሚሉት ነገር ምን ይሆን?»

«እኔ የሕግ ሰው አይደለሁም» አሉ። ግን አርባ ዓመት ያስተማረ ሰው ጥያቄ ሰምቶ ዝም ማለት አይሆንለትም። «ልጁ የተወሰደበት ወላጅ መብቱን ሁሉ ያጣል። ለልጁም እንደ ባዳ ይቆጠራል።»

የጸሐፊዋ እስክሪብቶ ቆመ። እንደ ባዳ። ይህን ቃል የትኛውም ሕግ አይጽፈውም፤ ለባለጉዳይ እንዲገባ ብላ ከራሷ አፍ ያወጣችው ነው። ኢንስፔክተሩ እስክሪብቶዋን አየ፣ እሷን አየ።

ሴትዮዋ እንደወጡ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የምትነግሪኝ አለሽ?» አላት።

«የለኝም።»

«እንግዲያው ከሰዓት ሁላችንም እንገናኝ።»

ስምንት ሰዓት ላይ እንግዳ መቀበያው ውስጥ ተሰበሰቡ። ኢንስፔክተሩ ከቆሻሻ ቅርጫቱ ያወጣውን የደበዘዘ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ።

«አናጢውም እማማም በሩ ዝግ ነበር ብላችኋል። አንዳችሁ ዋሽታችኋል። ጠበቃው ትእዛዙን እዚህ ጠረጴዛ ላይ አውጥተዋል፤ ለራሳቸው ሊያነቡት አይደለም፣ ለሰው ሊያሳዩት ነው። እኔ ሁላችሁንም አንድ ጥያቄ ጠየቅሁ። አናጢው ልክ መለሰ። ነርሷ አላውቅም አለች። እማማ ግን የተሳሳተ መልስ ሰጡኝ፤ ያውም እንደ ተማረ ሰው፣ አንድ ቃል ሳያደናቅፋቸው። ከየት ተማሩት?»

ሴትዮዋ ወደ ግድግዳው አዩ። ኢንስፔክተሩ የደበዘዘውን ወረቀት አነሳ።

«ይህ አሮጌው ማብራሪያ ነው። ‘እንደ ባዳ ይቆጠራል’ የሚለው እዚህም አለ፤ ግን ከሌላ ቃል ጎን፣ ከትክክለኛው ጎን ነው። እዚያ ግድግዳ ላይ ደግሞ አዲስ ወረቀት የተለጠፈበት ፕላስተር ቀርቷል። ሁለቱን መስመሮች ያምታታው ያ አዲሱ ከሆነ፣ ትናንት ተለጥፎ ፖሊስ ሳይደርስ ወርዷል። ያነበበው ሰው ትናንት እዚህ ክፍል ገብቷል። ኮምፒውተሩን ከፍቼ ማየት እችላለሁ። ባላየው ግን ደስ ይለኛል።»

ይህን ሲል ወደ ማንም አልተመለከተም። ጸሐፊዋ ተነሳች። ቦርሳዋን ከፈተች፣ የተጨማደደውን ወረቀት አውጥታ ከአሮጌው ጎን አስቀመጠች።

«እኔ ነኝ የዘለልኩት» አለች። «የደበቅሁትም እኔ ነኝ።»

አስተማሪዋ መነጽራቸውን አድርገው ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አነበቡ። ደግመው አነበቡ።

«ጠበቃውን ጠየቅኋቸው እኮ» አሉ ቀስ ብለው። «ምን ማለት ነው አልኳቸው። በእስክሪብቷቸው ግድግዳውን አሳዩኝና ሻይ ልጠጣ ብለው ወጡ። ተከተልኳቸው። ደረጃው ላይ እጅጌያቸውን ያዝኩ፣ ያሳደግኋትን ልጅ እንዴት ባዳ ታደርጉብናላችሁ አልኩ። ‘ተጽፏል፣ ያንብቡት’ አሉኝ። ያን ጊዜ ገፋኋቸው።»

«እማዬ» አለች ነርሷ።

«ትክክለኛው ምን ነበር?» አሉ ሴትዮዋ፤ የጠየቁት ጸሐፊዋን ነው።

ጸሐፊዋ ጣቷን በአሮጌው ወረቀት መስመር ላይ አኖረች። «ለጥቂት ወራት ብቻ ነበር። በየእሑዱ እናንተ ጋ ትመጣ ነበር።»

አናጢው ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ጠዋት ክንዱን ይዞት የነበረው ፖሊስ ከአጠገቡ ራቀ።

«አርባ ዓመት የልጆች ስሕተት አርሜአለሁ» አሉ ሴትዮዋ። «ያንቺን ሳላርመው አለፍኩ።»

ጸሐፊዋ ቢሰድቧት ትመርጥ ነበር።

ኢንስፔክተሩ የእስሩን ወረቀት አቀረበላቸው። ሴትዮዋ ከላይ ጀምረው አነበቡ፤ መካከል ላይ ጣታቸው ቆመ። «ይኼ ‘ጊዜ ቀጠሮ’ የሚለውስ ምን ማለት ነው?»

ሁሉም ወደ ጸሐፊዋ ዞሩ። የምታውቀው ይመስላታል፤ በዚህ ቢሮ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሁሉንም የምታውቅ ይመስላት ነበር።

«እኔ አልነግርዎትም» አለች። ከዚያ ወንበር ጎትታ ኢንስፔክተሩን ከሴትዮዋ ፊት ለፊት አስቀመጠችው። «እርስዎ ያስረዷቸው። ከመጀመሪያው መስመር ጀምረው፣ ቀስ ብለው።»

ኢንስፔክተሩ ቆቡን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አኖረና ማስረዳት ጀመረ።