አልታዘዝ ያለችው አምስት ቁጥር

ስልክ ጠጋኙ የተገኘው ረፋዱ ላይ፣ ሱቁ ካለበት ሕንፃ ጀርባ፣ ከሦስተኛ ፎቅ በሚወርደው የብረት ደረጃ ሥር፣ በፊቱ ተደፍቶ ነው። መጀመሪያ ያየው የሕንፃው ዘበኛ ነበር። ባለ ቁልፍ አሮጌ ስልኩ ኪሱ ውስጥ ሳይሰበር ቀርቷል። ሰፈሩ «ሐኪሙ» ይለው ነበር፤ ሌላው ተስፋ የቆረጠበትን ቀፎ ነፍስ ይዘራበታልና።

መርማሪዋ ስትደርስ ጉዳዩ አልቆ ጠበቃት። ፖሊሶቹ «ራሱን ነው ያጠፋው» ብለው መዝገቡን ሊዘጉ ተዘጋጅተዋል። ሟቹ በዚያው ጠዋት ለታናሽ ወንድሙ መልእክት ልኳል። ወንድምየው መልእክቱን አሳያት። በላቲን ፊደል የተጻፈ አማርኛ ነው፤ «ልጄን ይቅር ብያታለሁ በላት። እኔ ግን በቃኝ።»

«የት ሆነው ነው የደረሰዎት?»

«ቤቴ። ገና ከአልጋዬ አልወረድኩም ነበር።»

«ስልኩን ለሰው ሰጥተው ነበር?»

«ኧረ በጭራሽ! ከእጄ አይለይም።»

ባልደረቦቿ መርማሪዋን «እትዬ ለምን» ይሏታል። ጡረታዋ ሦስት ወር የቀራት፣ ሰውን አፍጥጣ ማየት የማያሳፍራት ሴት ናት።

የሟቹን ልጅ ሱቁ ውስጥ አገኘቻት፤ የአባቷን የሥራ ካፖርት ጉልበቷ ላይ አድርጋ በርጩማው ላይ ተቀምጣለች።

«ትናንት ምሳ ላይ ተጣላን» አለች ልጅቷ። «ሌላ ከተማ ሥራ ባገኝ አትሄጂም አለኝ። እኔም ከዛሬ ጀምሮ አባት የለኝም አልኩት። አጎቴም ሰምቷል። እኔ ነኝ የገደልኩት።» ከዚያ ቀና አለች። «ግን ይቅር ብሎኛል። መልእክቱን አይተውታል አይደል? ይቅር ብሎኛል።»

ልጅቷ የያዘችው ያቺን አንዲት ቃል ብቻ ነበር።

«አባትሽ መልእክት መጻፍ ይወዳል?»

«አባዬ? ለእኔስ ጽፎልኝም አያውቅ። ይደውላል እንጂ።»

ቀጥሎ የሟቹን የሥራ ሸሪክ አነጋገረች። አርባ ዓመት ገደማ የሆነው፣ ምላሱ የሰላ ሰው ነው።

«ስልክ ሊያጭበረብር የሚችል ሰው እዚህ ቢኖር እኔ ነኝ» አላት። «ስለዚህ ሊያስሩኝ ነው፤ አይደል?»

«መጀመሪያ አስተምረኝ፤ ማሰሩ አይጠፋም።»

«አሮጌ ስልክ ሁሉ ፋብሪካው ለጠጋኝ ብቻ የደበቀው ገጽ አለው። በኮከብና በመሰላል ምልክት ቁልፎቹ ነው የሚከፈተው።»

የሟቹን ስልክ ወስዶ ምስጢራዊ ቁጥሩን ነካ ነካ አደረገ። የስልኩ መስኮት ላይ የቁልፎቹ ሥዕል መጣ። አንድን ሲጫን የአንድ ሣጥን ጠቆረ፤ ሁለትን ሲጫን የሁለት። ሁሉም ጠቆሩ፤ አምስት ብቻ ነጭ ሆና ቀረች። በጥፍሩ ጠበቅ አድርጎ ደገማት። ነጭ።

«ሞታለች። ዓመት አልፏታል» አለ። «የሰው ስልክ ሲያክም ይውልና የራሱን ነገ ነገ ይላል።»

መርማሪዋ መነጽሯን አድርጋ አምስት ቁጥር ላይ የታተሙትን ሦስት የላቲን ፊደላት ለረጅም ጊዜ አየቻቸው። ከዚያ ዓይኗ ጠረጴዛው ላይ ካለ ባዶ የስልክ ካርቶን ላይ አረፈ። ጎኑ ላይ ካለው ረጅም የቀፎ መለያ ቁጥር ከእያንዳንዱ አኃዝ ሥር በእርሳስ ነጥብ ተደርጓል።

«ይሄስ?»

«አምና መንገድ ላይ ተገድሎ ስልኩ የተዘረፈው ሾፌር ካርቶን ነው። ሚስቱ ናት የሰጠችን። ገዳዩ አንድ ቀን ሊያሠራው ያመጣው ይሆናል ብላ። ነጥቡን ግን አላየሁትም ነበር።»

በሦስተኛው ቀን መርማሪዋ ልጅቷን፣ አጎትየውን፣ ሸሪኩንና ዘበኛውን እዚያው ሱቅ ሰበሰበቻቸው። በሩ ላይ ሁለት ፖሊሶች ቆመዋል።

«አምስት ቁጥር ላይ ያሉት ፊደሎች ጄ፣ ኬ እና ኤል ናቸው» ብላ ጀመረች። «‹ልጄ› ለማለት ኤልም ጄም ያስፈልጋል። ሐኪሙ በዚህ ስልክ ‹ልጄ› ብሎ መጻፍ አይችልም።»

«ሲወድቅ ተበላሽቶ ይሆናላ!» አለ አጎትየው።

«አይደለም» አለች ልጅቷ ቀስ ብላ። «የእኔ ቁጥር አምስት አለበት። አባዬ ሁሌም ከስም ዝርዝር ነበር የሚፈልገኝ።»

አጎትየው ሸሪኩን አየው።

«እሱ አይደለም» አለች መርማሪዋ። «እሱ ቁልፏ መሞቷን ያውቃል። ያንን የሚያውቅ ሰው በዚህ ስልክ ባለቤት ስም ረጅም መልእክት አይፈጥርም። አንድ ጥርጣሬ ግን ቀረኝ። ሐኪሙ ሲም ካርዱን በሌላ ቀፎ አድርጎ ራሱ ጽፎ ቢሆንስ? ስለዚህ መልእክቱ የወጣበትን ቀፎ መለያ ቁጥር ከስልክ ድርጅቱ አስመጣሁ። በሉ፣ ስልካችሁን ጠረጴዛው ላይ አድርጉ። ኮከብ፣ መሰላል፣ ዜሮ፣ ስድስት፣ መሰላል።»

የዘበኛው ስልክ ቁጥሩን አወጣ። የሸሪኩም፣ የልጅቷም። መርማሪዋ ወረቀቷን ይዛ አንድ በአንድ አስተያየች፤ አንዱም አልገጠመም። አጎትየው አውራ ጣቱ የመጨረሻዋ መሰላል ላይ ደርቆ ቀርቷል። ሸሪኩ እጁን ዘርግቶ ተጫነለት።

አሥራ አምስቱም አኃዝ ገጠመ።

«መልእክቱን የላከውና የተቀበለው አንድ ስልክ ነው» አለችው አጎትየውን። «ከአስከሬኑ ኪስ ስልኩን አወጡ። ሲሙን በእርስዎ ቀፎ አድርገው ለራስዎ ቁጥር ላኩ። ከዚያ የሟቹን ሲም መልሰው፣ የራስዎን ሲያስገቡ መልእክቱ ገባልዎ። ‹ከእጄ አይለይም› ያሉኝም ራስዎ ነዎት። የሾፌሩን ቀፎ ደግሞ ትናንት ከቁም ሣጥንዎ ጀርባ አገኘነው። ለወንድምዎ እንዲጠግንልዎ ሰጡት፤ እሱ የተደበቀውን ቁጥር ከፍቶ ከካርቶኑ ጋር አመሳከረ።»

አጎትየው ግድግዳውን ተደግፎ ቁልቁል ተንሸራተተ።

«ሂድና እጅህን ስጥ አለኝ። የእናቴ ልጅ! እግሩ ላይ ወደቅኩ፤ ለመንኩት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ገፋሁት።»

ፖሊሶቹ ገቡ። ሸሪኩ ወደ ልጅቷ ጠጋ ብሎ «ሰማሽ? አንቺ አይደለሽም» አላት። የሰማችው አትመስልም። እጁ ካቴና ወደገባበት ሰውዬ ነበር የምታየው።

«ይቅር ያልከኝ አንተ ነህ እንዴ፣ አጎቴ?»

አጎትየው አቀረቀረ።

«አባዬስ? መጨረሻ ላይ አብረኸው ነበርክ። ስለ እኔ ምን አለ?»

አጎቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗን አየ። ውሸት ቢጨምርላት ማንም አይከለክለውም ነበር፤ ግን አቅሙ አልቆ ነበር።

«ስላንቺ አላወራንም» አላትና ከፖሊሶቹ ጋር ወጣ።