ለቴሌቪዥኑ የተፈቀደው

ፋሲል ሪሞቱን ሲጫን፣ በትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ ኮምፒውተር ውስጥ ያለው ቪዲዮ ሁሉ በአዳራሹ ቴሌቪዥን ላይ ተደረደረ። ገሊላ ክው አለች። ሁለቱን በዋይፋይ ያገናኘቻቸው ትናንት እሷው ራሷ ናት። ቴሌቪዥኑ ይህን ሁሉ ያያል ብላ ግን አላሰበችም።

«ይቺ ኡርጌ አይደለችም?» አለ ፋሲል አንዱን እየከፈተ።

ኡርጌ ናት፤ ለወላጆች ቀን የጻፈችውን ግጥም ስትለማመድ። ሦስተኛው ስንኝ ላይ ምላሷ ተሳሰረ። ደጋግማ ሞከረች፤ አልሆነም። ፊቷን በደብተሯ ሸፍና አለቀሰች። ያን ቀን «አጥፊልኝ» ብላ ለምናት ነበር። ገሊላም «እሺ» ብላ ረሳችው።

«መጀመሪያ ይቺን ነው የምለቃት! አዳራሹ በሳቅ ይፈነዳል።»

«ሼም ነው፣ ፋሲል! አባቷ ከኡካ ድረስ መጥተዋል እኮ።»

«አታካብጂ ባክሽ! ትንሽ ፈታ እንበል እንጂ።» ሪሞቱን ኪሱ ከቶ ሄደ።

ወላጆች መግባት ጀምረዋል። ለቲቸር ዲበኩሉ ብትናገር «አንቺስ ለምን አላጠፋሽውም?» መባሏ አይቀርም። ደግሞም የሚናገሩበት ጊዜ የለም። ወደ ሚኒ ሚዲያው ክፍል ሮጠች።

የይለፍ ቃሉን የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። በችኮላ ሁለቴ ተሳሳተች፤ በሦስተኛው ተከፈተላት። «የዛሬ» የሚል ፎልደር ፈጥራ ለዝግጅቱ የተመረጡትን ሦስት ቪዲዮዎች አስገባች። ቴሌቪዥኑ ያንን ብቻ እንዲያይ ፈቀደች፤ ሌላውን በሙሉ ዘጋችበት።

አዳራሽ ስትደርስ ፋሲል ሪሞቱን እየተጫነ ነው። ሦስት ቪዲዮ። ደግሞ ተጫነ። ያው ሦስት።

«ምን ትጠብቃለህ? ልቀቀው እንጂ!» አሉት ቲቸር ዲበኩሉ።

ፋሲል ገሊላን ቀና ብሎ አያት። ዓይኗን አልሰበረችም። የመጀመሪያውን ከፈተ።

ቴሌቪዥኑ ላይ ኡርጌ ሶር ወንዝ ዳር ቆማለች። ሁለት ቦታ ላይ ቃሉ ያዛት። አልቸኮለችም፤ ትንፋሽ ወስዳ ቀጠለች፤ እስከ መጨረሻው ስንኝ ደረሰች። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ከኋላ ወንበር አንድ ሰው ብድግ አሉ፦ «ኢንተላ ኮ! ልጄ ናት! የኔ ልጅ ናት!»

ፋሲል እንኳ ሪሞቱን ብብቱ ውስጥ ሸጉጦ አጨበጨበ።

ዝግጅቱ ሲያልቅ ኡርጌ እየሮጠች መጥታ የገሊላ አንገት ላይ ተጠመጠመች። «አባዬን አየሽው? አለቀሰ እኮ! ደግሞ ያንን የድሮውን ስላጠፋሽልኝ...»

ገሊላ ዝም ብትል ማንም አያውቅም። ማታ ብቻዋን ገብታ ታጠፋዋለች፤ በቃ።

«አላጠፋሁትም» አለች። «ረስቼው ዛሬ ሊታይ ነበር። ዘጋሁት እንጂ አሁንም አለ።»

ኡርጌ እጇን ከትከሻዋ ላይ አነሳች። «ነይ አሳዪኝ» አለቻት።

ሚኒ ሚዲያው ክፍል እንደገቡ ገሊላ ኮምፒውተሩን ከፍታ ቪዲዮውን አወጣችላት። ወንበሩን ለኡርጌ ሳበችላትና ማውሱን ወደ እጇ ገፋችላት።