የመጫወቻው ዋስ

ሬዲዮ ጠጋኙ ማረው የተገደለው በገዛ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ነው። የብረት ትራንስፎርመር ግንባሩን ወደ ውስጥ አስገብቶታል፤ በዚያ ያልረካው እጅ ደግሞ ሊጠግነው የያዘውን የቴሌቪዥን መጫወቻ የእጀታ ገመድ አንገቱ ላይ ጠምጥሞ ሥጋው እስኪተረተር ስቦታል። ደሙ ከጠረጴዛው ጠርዝ ወደ ሲሚንቶው ይንጠባጠባል። አጠገቡ ያለው ቴሌቪዥን ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ጢው ጢው እያለ ይጮሃል፤ በመስታወቱ ላይ የጨዋታው ትንንሽ ነጭ ካሬዎች ሽቅብ ቁልቁል ይላሉ።

መቶ አለቃ ዘይኑልአቢዲን ከጁምዓ ሶላት ሲመለስ ነበር ደሴ ፒያሳ መንገድ ላይ ፖሊሶች ደርሰው የነገሩት። በ1979 ዓ.ም. የአብዮት ፖሊስ መኮንን መስጊድ ሲገባ ባይታይ ይመረጥ ነበር። እሱ ግን መለዮውን ኪሱ ከትቶ ይገባል፤ ጠያቂ ቢመጣ «ሌባ እየተከታተልኩ ነው» ይላል። ጠያቂም አይጠፋም ነበር፤ ሌባው ግን አንድም ቀን ተይዞ አያውቅም።

የማረውን ሱቅ እንደገባ በመጀመሪያ የመጫወቻውን ድምፅ ቀነሰ። ቀጥሎ ሟቹን ትቶ ጠረጴዛውን አየ። ሁለት ብርጭቆ ሻይ አለ፤ አንዱ ተጠጥቷል፣ ሌላው እንደሞላ ቀዝቅዟል። የመበየጃው ካውያ ከሶኬቱ አልተነቀለም፤ ጋል ባለው ጫፉ ላይ የተጠበሰ ቆዳ ተጣብቋል። የማረውን እጆች አንሥቶ መዳፎቹን ገለጠ። ደም አለባቸው እንጂ ቃጠሎ የለባቸውም። በጀርባ ወደ ጓሮ የሚያወጣው በር ገርበብ ብሏል።

ጎረቤቷ ሻይ ሻጭ ጣይባ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች።

«እትዬ ጣይባ፣ ሻዩን ማን አዘዘ?»

«እሱው ነዋ። እንግዳ አለብኝ፣ ሁለት አድርጊልኝ አለኝ። አስቀምጬለት ወጣሁ። እንግዳውን አላየሁም፤ በጓሮ ገብቶ ይሆናል። ትንሽ ቆይቶ ያ ነገር መጮህ ጀመረ፤ ሲሞክረው ነው አልኩ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ አዛን ተባለ። ወላሂ፣ ተቀየምኩት።»

«በምን?»

«ማረው ክርስቲያን ነው፤ ግን አዛን ሲሰማ ያለውን ሬዲዮ ሁሉ ዝም ያሰኛል። አንድ ቀን ሳያደርገው ቀርቶ አያውቅም። ዛሬ አዛኑ አለቀ፣ የኢማሙ ኹጥባ ተጀመረ፣ ያ ነገር ይጮሃል። ምን ነካው ብዬ በሆዴ ረገምኩት።» ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። «ለካ ሙቶ ኖሯል። አላህ ይቅር ይበለኝ።»

መጫወቻው የማረው አልነበረም። ሻጩ በሺር የሚባል የኮምቦልቻ ሾፌር ነው፤ ከአሰብ አመጣሁት ብሏል። ሊገዛ ያሰበው ደግሞ የሆጤ ሰፈሩ ልብስ ሰፊ ከፍያለው ነው። በመሃል ያገናኛቸው ደላላ ቀለሙ ይባላል። ከፍያለው ልግዛ፣ አልግዛ እያለ ሲያመነታ ከርሟል፤ ዕቃው አሮጌ ነው፣ ፈረንጆቹም መሥራቱን ካቆሙ ሰነባብተዋል፣ ቢበላሽ መለዋወጫ የለውም። በመጨረሻ ማረው ከፍቶ እንዲያይለት ሰጠው፤ ግዛ ካለው ሊገዛ፣ ተው ካለው ሊተው።

የዚያኑ ቀን ከፍያለው ታሰረ። ጠዋት ከማረው ጋር ሲጨቃጨቅ ጣይባ አይታዋለች፤ በአዛን ሰዓት የት እንደነበረ ሲጠየቅም አልናገርም አለ። የጣቢያው አዛዥ ሻለቃ ዝምታ አይወድም። መቶ አለቃው እስር ቤት ሲደርስ ከፍያለውን ወፌ ላላ ሰቅለው ገርፈው አውርደውት ነበር። ውስጥ እግሩ ተልጦ ሥጋው ይታያል፤ ሲተነፍስ ጥርሶቹ ይንገጫገጫሉ።

«ጠዋት ምን አጨቃጨቃችሁ?» አለው፤ አጠገቡ ቁጢጥ ብሎ።

«ማታ እስክነግርህ እንዳትገዛ አለኝ። እኔ ደግሞ ቸኩዬ ነበር።»

«ልብስ ሰፊን በመጫወቻ ምን ያስቸኩለዋል?»

«ልጆች… ልጆች ይሰበሰቡበታል።»

«በአዛን ሰዓት የት ነበርክ?»

«ቤቴ።»

«ከማን ጋር?»

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«እንግዲያው በማርያም ማልና ብቻዬን ነበርኩ በል። እኔም ለሻለቃው የምለው ይኑረኝ።»

«አልምልም፤ ውሸትም አልናገርም፣ ጋሼ። እግሬን እንደሆነ ወስዳችሁታል።»

በወሎ ምድር እስላሙም ክርስቲያኑም ሳይምል ሽንኩርት አይገዛም። ዘይኑልአቢዲን የማይምል ሰው ሲያጋጥመው ነገሩ ገባው። ሻለቃው መውጫው በር ላይ ጠብቆ «ነገ ከሰዓት በኋላ ለደኅንነት አስረክበዋለሁ» አለው። እዚያ የገባ ሰው በእግሩ ሲመለስ ደሴ አላየችም።

በማግስቱ ቅዳሜ በማለዳ ሆጤ ወጣ። የከፍያለው ቤት አንድ ክፍል ናት። ለአንድ ቤተሰብ የማያስፈልጉ ብዙ አግዳሚዎች በግድግዳው ዙሪያ ተደርድረዋል፤ ደጃፉ ላይ የብዙ ጫማ ጭቃ ደርቋል። ትልቁ ሬዲዮ የተቀመጠው መስኮቱ ላይ ነው፤ የሚጮኸውም ወደ ቤቱ ሳይሆን ወደ መንገዱ ዞሮ ነው።

አንዲት ጎረቤት አሮጊት በአጥር ብቅ አሉ። «ዓርብ በመጣ ቁጥር በሬዲዮ ያደነቁሩናል፣ ልጄ። ሬዲዮው ጋብ ሲል ደግሞ የሰው መዝሙር ይሰማኛል።»

«ባትሪው ሲደክም እንዲያ ያንጎራጉራል፣ እማማ» አላቸው መቶ አለቃው።

በዚያ ዘመን ጴንጤ ሆኖ ለጸሎት መሰብሰብ ወህኒ ያስወርዳል። ከፍያለው በአዛን ሰዓት ከነዚያ አግዳሚዎች በአንዱ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ይህን ከተናገረ ከግድያው ይድናል፣ አብረውት የነበሩት ወጣቶች ግን እሱ ወደተሰቀለበት ክፍል ይገባሉ። መጫወቻውንም የፈለገው ለዚሁ ነው፤ ቀበሌው ቢጠይቅ ልጆቹ ጨዋታ ሊያዩ መጡ ለማለት፣ ድምፁም መዝሙሩን እንዲሸፍን። ዘይኑልአቢዲን ጭቃውን በጫማው ጠርጎ ወደ ሟቹ ቤት ሄደ። ምስክር መጥራት የማይችለውን ሰው ለማዳን አንድ መንገድ ብቻ ቀርቶታል፤ ገዳዩን እስከ ከሰዓት ማግኘት።

የማረው ሚስት ባይነሽ ፊቷን ነጭታ ቆስላለች።

«ባለቤትሽ ዕቃ ሲጠግን የተለየ ልማድ ነበረው?»

«እጁ የገባበትን ዕቃ ሁሉ ውስጡ ቀይ ክር ያስርበታል፣ ጌታው። የሠራሁት ነው፣ አልሠራሁትም ጭቅጭቅ እንዳይመጣ።»

መቶ አለቃው ይዞት የመጣውን መጫወቻ ብሎኖቹን ፈትቶ ከፈተው። ከሽቦዎቹ መሃል ቀይ ክር ተቋጥሯል። ክሩ አቧራ ጠጥቶ ጠቁሯል፤ የትናንት ቋጠሮ አልነበረም።

«እንዲህ ያለ መጫወቻ ከዚህ በፊት ጠግኖ ያውቃል?»

«ዓምና ኮምቦልቻ፣ ለአንድ ፈረንጅ መሐንዲስ። የቴሌቪዥን መጫወቻ ሠራሁ ብሎ ስቆ ነግሮኛል።»

ዘይኑልአቢዲን አልሳቀም። የዚያን መሐንዲስ ቤት ያውቀዋል፤ በጥር ወር ዘበኛው በር ላይ እንደ በግ ታርዶ የተገኘበት ቤት ነው። ዕቃው ተዘረፈ፣ ፈረንጁ አገሩ ገባ፣ ገዳዩ ግን አልተገኘም።

ቁልቁለቱን ወርዶ ኮምቦልቻ ሲደርስ በሺር ከመኪናው ሥር ተጋድሞ ዘይት ያፈሳል።

«መጫወቻውን ከየት አመጣኸው?»

«ከአሰብ።»

«ከማን?»

«ከመርከበኛ ነዋ» አለ፤ ዓይኑን ግን ከዘይቱ አላነሣም።

«ገዢው ምን አለህ?»

በሺር ሳቁ መጣ። «ወላሂ፣ ዋስ ካልጠራህ አልገዛም አለኝ። በሬ የሚገዛ ይመስል! የሰረቅኩት ሊሆን ነው እንዴ ብዬ ልሄድ ስነሣ ቀለሙ ‹እኔ ዋሱ ነኝ› ብሎ እጅ መታለት።»

«ደላላው? ራሱ?»

«ራሱ።»

መቶ አለቃው ሌላ አልጠየቀም። «ተነሣ፣ ደሴ እንውጣ» ብቻ አለው።

ሁሉም በማረው ሱቅ ተሰበሰቡ። ደሙ ታጥቧል፤ ሽታው ግን አለ። ባይነሽና ጣይባ ጥግ ይዘዋል። ከፍያለውን ሁለት ፖሊሶች በብብቱ ይዘው አስገቡት። ቀለሙ ጋቢውን እስከ ጣቱ ተከናንቦ ግድግዳ ተደግፏል፤ ሻለቃው የማረው ወንበር ላይ ሊቀመጥ ካለ በኋላ ተወው።

«በአጭሩ ጨርስ» አለ ሻለቃው።

«እሺ፣ ጓድ ሻለቃ። ማረው ሻይ ከመጣለት በኋላ፣ አዛን ከመባሉ በፊት ነው የሞተው። በሕይወት ቢኖር ድምፁን ይቀንስ ነበር። ድምፁን የጨመረው የሰው ጣር እንዳይሰማ የፈለገ ሰው ነው፤ የማረውንም ወግ የማያውቅ ነው። በሺር አዛን ከመባሉ በፊት ጀምሮ እዚሁ ደሴ መስጊድ ነበር።»

«በምን አወቅክ?»

«ትከሻው ከትከሻዬ ጋር ነበር።» ሻለቃው ቅንድቡን አነሣ። «ሌባ ስከታተል» አለ መቶ አለቃው፤ ጨምሮም ቀጠለ። «መጫወቻው ከአሰብ አልመጣም። ውስጡ የማረው አሮጌ ክር አለበት። ዘበኛው ከታረደበት ከኮምቦልቻው ግቢ የወጣ ነው። ማረው ትናንት ሲከፍተው የገዛ ቋጠሮውን አገኘና ደም የፈሰሰበት ዕቃ እንደያዘ ገባው። ለፖሊስ ቢናገር ቀድሞ የሚገረፈው ገዢው መሆኑን ያውቃል።» የከፍያለውን እግር አየ፤ ሻለቃውም አብሮ አየ። «ታዲያ የአገሩን ደንብ ተከተለ። የተሸጠ ዕቃ የሌባ ሆኖ ሲገኝ የሚጠራው ማነው?»

«ዋሱ» አለች ባይነሽ ቀስ ብላ።

«ዋሱ። እንግዳ አለብኝ ብሎ ሁለት ሻይ ያዘዘው ለዋሱ ነው። እኔ ከገበሬ የተወለድኩ ነኝ፤ በከብት ተራ አድጌያለሁ። ደላላ ምላሱን ያከራያል እንጂ ለሚያሻሽጠው ዕቃ አንገቱን ሲሰጥ አላየሁም። ዋስ የሚሆን ሻጩን ከነዘሩ የሚያውቅ ሰው ነው። ቀለሙ ግን ገበያው እንዳይፈርስበት ቸኮለ፤ ዕቃው የራሱ ነበራ። በሺር፣ ከአሰብ በል ያለህ ማነው?»

በሺር ላቡን ጠረገ። «እሱ ነው። የአሰብ ዕቃ ነው ከተባለ ጠያቂ የለውም አለኝ። ደም ያለበት መሆኑን ግን አላወቅኩም፣ በአላህ።»

ቀለሙ ፈገግ አለ። «ደግ ሆኜ ዋስ ብሆን ነፍሰ ገዳይ ተባልኩ?»

«ደግ ነህ። እንግዲያው ዋስነቱን አጽናልን፤ ከፍያለው እዚህ አለ። እጅ ምታለት።»

ቀለሙ ግራ እጁን ከጋቢው አወጣ።

«ዋስ በግራ አይመታም» አለ ዘይኑልአቢዲን፤ የጋቢውንም ጫፍ ይዞ ጎተተ። የቀለሙ ቀኝ መዳፍ ከአውራ ጣቱ እስከ አንጓው በካውያ ተተኩሶ፣ አብጦ፣ ውኃ ቋጥሮ ታየ። «ማረው ወንበሩ ላይ ሆኖ የተከላከለው በካውያው ነበር።»

ቀለሙ ጠረጴዛው ላይ የነበረውን የብሎን መፍቻ አፈፍ አድርጎ በመቶ አለቃው ትከሻ ላይ ሰካው። ባይነሽ ጮኸች። ፖሊሶቹ ከፍያለውን ለቀው ቀለሙ ላይ ወደቁበት፤ በሰደፍ አፉን ሲሉት ጥርሱ ሲሚንቶው ላይ ተበተነ። እያጓራ፣ ደም እየተፋ «ዘበኛው መልኬን አየብኝ! ማረውም ተው ብለው እምቢ አለኝ!» አለ። ማንም የጠየቀው አልነበረም።

ጎትተው ካወጡት በኋላ ሻለቃው ወደ ከፍያለው ዞረ። «ይሄስ? በዚያ ሰዓት የት ነበር?»

«ገዳዩን ይዘናል፣ ጓድ ሻለቃ» አለ ዘይኑልአቢዲን፤ ትከሻውን ጨምቆ ይዟል፣ በጣቶቹ መሃል ደም ይወርዳል። «የሌላው ሰው ሰዓት ምን ያደርግልናል?»

ሻለቃው ደሙን አየ፣ የተበተነውን ጥርስ አየ። «ይሂድ» ብሎ ወጣ።

ከፍያለው መሬት ላይ ተቀምጦ ያለቅስ ነበር። ጣይባ የራስ ሻሿን ቀድዳ የመቶ አለቃውን ትከሻ አሰረችለት። መቶ አለቃው መጫወቻውን በደህናው እጁ ታቅፎ ልብስ ሰፊው አጠገብ አስቀመጠው።

«ፍርዱ ሲያልቅ በሐራጅ ይሸጣል። ባለቤቱ አገሩ ገብቷል። ግዛው።»

«መሥራት ያቆሙት ዕቃ ነውኮ፣ ጋሼ» አለ ከፍያለው እንባውን እየጠረገ። «ቢበላሽ የሚጠግነው ማረው ብቻ ነበር። እሱም በእኔ ጦስ ሞተ።»

«ሥዕሉ ቢጠፋ ምን ቸገረህ? ድምፁ ይበቃሃል። ሬዲዮህ በየመሃሉ ጋብ ይላል፤ ጎረቤትህም ጆሯቸው ደህና ነው። ይሄ ዝም አይልም።»

ከፍያለው ቀና ብሎ አየው።

ዘይኑልአቢዲን መለዮውን ከኪሱ አውጥቶ አደረገና ወደ በሩ ሄደ። ደፉ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ብቻ አዛን ሲባል ቀንሰው» አለ። «ማረው ይቀንስ ነበር።»