ማክሰኞ ማታ ደኅና ነበሩ

የነርቭ ሴሎቹ ሞተው የተገኙት ረቡዕ ጠዋት ነው። ግራሲዬላ ኢቱራልዴ ወደ ሞንቴቪዴዮው ላቦራቶሪ ተጠርታ ስትደርስ ጥፋተኛዋ ተለይተው ነበር፤ ሃያ ስድስት ዓመት ሴል ሲመግቡ የኖሩት የላቦራቶሪው ሠራተኛ ዶኛ ኢርማ። ሴሎቹ የሚቀመጡበትን ማሞቂያ ሣጥን ሳይዘጉ ሄደዋል ተብለው ከሥራ ታግደዋል። ሐሙስ የተመራማሪዋን የዶክተር ሚርታ ሶካን ሙከራ ራሳቸው ሊደግሙ የነበሩ ገምጋሚዎችም ቀሩ።

ግራሲዬላ ዩኒቨርሲቲው ለእንዲህ ያለ ጣጣ የሚልካት መርማሪ ናት። የጠየቀችው ሁሉ «ማሞቂያው ነው» እያለ አሰለቻት።

«ዶኛ ኢርማ፣ ሰኞ የት ነበሩ?»

«ሚናስ ከተማ፣ እህቴን ስቀብር። ማክሰኞ ተመለስኩ፤ ሣጥኑንም ዘግቼ ወጣሁ። ዘጋሁ ስል የሚሰማኝ ጠፋ እንጂ!»

ግራሲዬላ ሴሎቹ ያሉባቸውን ሳህኖች በማይክሮስኮፕ አየች። በየሳህኑ ሁለት ዓይነት የነርቭ ሴሎች ጎን ለጎን ነበሩ። አንደኛው ዓይነት ተሰባብሮ አልቋል። ሌላው ምንም አልሆነም።

ዓርብ ከሰዓት ዶኛ ኢርማን ጨምሮ ሁሉንም ሰበሰበች። ኃላፊው ፕሮፌሰር ባራንዲያራን ማቴ ሻያቸውን ፉት እያሉ ሰዓታቸውን ያያሉ።

«ሙቀት ቢጓደል ሁለቱም ዓይነት ይጎዱ ነበር» አለች ግራሲዬላ። «የሞተው ዓይነት በሕይወት የሚቆየው አንድ የዕድገት ንጥረ ነገር ላዩ ላይ ካለው ተቀባይ ጋር ሲገናኝ ነው። ተቀባዩ መልእክቱን ወደ ውስጥ ካላሳለፈ ሴሉ ራሱን ያጠፋል። የተረፉት ሌላ ተቀባይ አላቸው።»

«ዶኛ ኢርማ ንጥረ ነገሩን መጨመር ረስተው ይሆናላ!» አለች ዶክተር ሚርታ።

«አስለካሁት፣ ሞልቷል። ግን እዚያው ፈሳሽ ውስጥ ተቀባዩን የሚዘጋ መድኃኒት ተገኘ።»

«እሱንማ ዶኛ ኢርማም፣ ሚርታም፣ እኔም ከመደርደሪያው ማውጣት እንችላለን» አሉ ፕሮፌሰሩ።

«ልክ ነዎት። ግን እነዚህ ሴሎች ተቀባያቸው ሲዘጋ ወዲያው አይሞቱም፤ ሁለት ቀን ገደማ ይፈጅባቸዋል። መድኃኒቱ የገባው ሰኞ ነው ማለት ነው። ሰኞ ዶኛ ኢርማ ቀብር ላይ፣ እርስዎ ቦነስ አይረስ ነበራችሁ። ሚርታ፣ አንቺ ማክሰኞ ማታ ‹ሁሉም ደኅና ናቸው› ብለሽ ጽፈሻል። በዚያ ሰዓት መሰባበር ጀምረው ነበር። ያንቺ ዓይን ይህን ይስታል?»



«ገምጋሚዎቹ ቢደግሙት አይወጣላቸውም ነበር» አለች ሚርታ። «ያለፈውን ውጤት በሐሰት የፈጠርኩት እኔው ነኝ።»

ፕሮፌሰሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ ዶኛ ኢርማ፣ ሰኞ ይመለሳሉ።»

«ማሞቂያውን ሦስት ጊዜ አስመረመራችሁት። እኔን ግን ከእናንተ አንድ ሰው ‹ምን ሆነ?› አላለኝም።» ዶኛ ኢርማ ቦርሳቸውን አንስተው ወጡ።

ግራሲዬላ እስከ ደረጃው ተከተለቻቸው። እውነቱን አውጥታለች፤ ለኚህ ሴት የምትሰጠው ግን ምንም አልነበራትም፤ ይኸው አናደዳት።

«እስከ አውቶቡሱ ልሸኝዎት?»

«ነይ» አሉ ዶኛ ኢርማ። «ብቻ ስለ ሴል እንዳታወሪኝ።»