የመራሪት ሥር

መዓራ የማር አገር ነበር። በንጉሡ ግብር ላይ መራራ ነገር አይቀርብም፤ መድኃኒት እንኳ በማር ተለውሶ ነው የሚሰጠው። ቢጫ አበባዋ መራሪት፣ ስትደርቅ ነጭ ጥጥ ሆና በነፋስ የምትበተነዋ፣ ስለምትመር ብቻ ከየደጁ ተነቅላ አልቃ ነበር።

በንጉሥ አድማሱ የዘውድ በዓል ዕለት አንድ ግዙፍ ወፍ ፀሐይዋን ጋረዳት። ጥላው ያረፈበት ሁሉ ዓይኑ እንደ እርድ ቢጫ ሆነ፤ እህል አስጠላው፤ ጉልበቱ ከዳው። ንጉሡም የጠጅ ቤቱ አዛዥ ድልነሳም ወደቁ። ድልነሳ ማር ቀምሶ ከየትኛው ሸለቆ እንደመጣ የሚናገር ሰው ነበር፤ ጥበቡንም ለአንድ ልጁ ለወለላ አውርሷታል።

የአገሩ ባሕታዊ ትንቢቱን ተናገሩ።

«የጠሉት ይወርሳል። የነቀላችኋት መራሪት ታድናችኋለች፤ የቀረችው ግን በቀርነ ተራራ ጫፍ፣ በወፉ ጎጆ ሥር ብቻ ነው። ሥሯን መጀመሪያ የቀመሰ ለሌላው ሁሉ ዋስ ይሆናል። ከዚያ ወዲያ ማር ለምላሱ ውኃ ነው።»

«እኔ ልቅመሳት» አለ ጦረኛው አንዳርጌ። «ማር ድሮም ጥርሴን ያመኛል።»

«የማትወደውን መስጠት መስጠት አይደለም» አሉት ባሕታዊው።

ወለላ አባቷን አየች። አተነፋፈሱ ደክሟል። ከምላሷ በቀር ሀብት አልነበራትም፤ ፈራች፤ ግን ቆመች። «በአባቴ ዓይን እምላለሁ፤ ሥሯን ሳልይዝ ብመለስ የመዓራ አፈር አይቀበለኝ።»

አንዳርጌም አብሯት ወጣ፤ የጥርሱን ነገር መንገዱን ሙሉ እያወራ። ጫፉ ላይ ሲደርሱ ወፉ ወረደባቸው። አንዳርጌ በጋሻው ሲመክት ጥላው ወለላ ላይ አረፈ። ዓይኗ ቢጫ ሆነ፤ ጉልበቷ ተልፈሰፈሰ። እየዳኸች ከጎጆው ሥር ገባች፤ ጠርዛቸው እንደ መጋዝ የሆኑ ቅጠሎች ዳሰሰች። በጥፍሯ ቆፍራ ሥር አወጣች፤ ነጭ ወተት ከውስጡ ፈሰሰ። አኘከችው። መረራት፤ ዋጠችው። ዓይኗ ጠራ፤ ጥላውም ከላይዋ ተንሸራቶ ወደቀ።

ወፉ ደንግጦ ክንፉን ሲዘረጋ የአንዳርጌ ጦር ደረቱን አገኘው። እየሞተ ባራገበው ክንፍ የመራሪት ዘር ሁሉ ተነሥቶ ወደ መዓራ ሜዳ ነጎደ። የአገሩ ገዳይ ራሱ የመድኃኒቱ ዘሪ ሆነ።

ሁለቱ የቀሩትን ሥሮች ቆፍረው ወደ መዓራ ወረዱ፤ ሥሮቹ ታጥበው፣ ተወቅጠው ተፈሉ። ወለላ ከማሰሮው ቀመሰች፤ «ደኅና ነው» አለች። ንጉሡ ጠጡ፤ ምንም ለውጥ የለም። ወለላ ሁለተኛውን ጽዋ ለአባቷ አቀረበች። ድልነሳ በደረቀ ከንፈሩ አንዴ ቀምሶ ቀና አለ።

«ወለላ፣ ይህ ማር አለበት። የቆላ ማር።»

ሥሩን ያፈሉት የቤተ መንግሥቱ ጠጅ ጣይ ከደጅ ቆመው አንገታቸውን ደፉ። «ለንጉሥ መራራ እንዴት ይቀርባል ብዬ ነው፣ ጌታዬ።»

ድልነሳ ግን ልጁን ነበር የሚያየው። «አንቺ ቀምሰሽው ሳለ?»

ጽዋውን ከእጁ ተቀበለች። ገባው፤ እንባው በቢጫ ጉንጩ ላይ ወረደ።

«ምላስሽን ሰጠሽልኝ፣ ልጄ።»

«እርስዎ ይነሡልኝ እንጂ፣ አባባ። ሌላ ያለ ማር ላፍላ።»

ሁለተኛው ማሰሮ ማር አልነካውም። ንጉሥ አድማሱ ፊታቸውን ሲያጨማድዱ ያ ሁሉ ሕመምተኛ ሳቀ፤ እየሳቀም ጠጣ። ዓይኖች ጠሩ፤ እንጀራ ተጠየቀ፤ ነጋሪት ተጎሰመ። ከዚያ ወዲህ በመዓራ ሁሉም ጠዋት እህል ከመቅመሱ በፊት አንድ ስኒ መራሪት ይጠጣል፤ በየደጁም ቢጫ አበባ ሞላ።

በድሉ ግብር ላይ ድልነሳ የዓመቱን የመጀመሪያ ማር ለወለላ አቀረበላት። ቀመሰች። ውኃ ነበር።

«እንዴት ነው፣ አባባ?»

እሱም ቀምሶ ዓይኑን ጨፈነ። «የደጋ ነው። ንቦቹ ከመራሪት አበባ የቀሰሙት። መጨረሻው ላይ ትንሽ መረር ይላል፤ እንዲህ ያለ ማር ቀምሼ አላውቅም።»

ወለላ ሳቀች፤ ደግመህ ንገረኝ እንደምትል ሕፃን ወደ እሱ ተጠጋች። ድልነሳም ከመጀመሪያው ጀምሮ ነገራት።