አንዴ ጠይቆ የሚጽፍ ሰው

ፀዳል አለምሰገድን ያወቀችው በ2015፣ ቅጠል ሲረግፍ፣ አውሮራ በምትባል የአሜሪካ ከተማ፣ በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ነው። በሥራ ቀን በጎረቤት ከተማ በእንግልውድ አረጋውያን ታስታምማለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ለአንድ የዩኒቨርሲቲ ጥናት ታስተረጉማለች። በጥናቱ ነዋሪውና ተመራማሪው አንድ ጠረጴዛ ከበው ሰፈሩን እንደገና ይነድፋሉ፤ ዛፍ የት ይተከል፣ ብስክሌት በየት ይለፍ፣ የአውቶቡሱ ፌርማታ የት ይሁን።

ከፈረንጆች ጋር የሚሠራው ተመራማሪ አለምሰገድ ነው። ከአምስት ዓመቱ ጀምሮ እዚያው አቅራቢያ ሌክውድ ያደገ፣ አዲስ ጫማ እንዳደረገ ሰው በአማርኛው ላይ እየተጠነቀቀ የሚራመድ ልጅ። መልኩስ ደህና ነው፤ ፀዳልን የማረካት ግን ማዳመጡ ነበር። ሰው ሲናገር እስክሪብቶውን አስቀምጦ ዓይን ዓይኑን ያያል። አቤት ማዳመጥ! ችግሩ የሰማውን ሁሉ ማመኑ ነው።

አንድ ቅዳሜ፣ ፌርማታው ሁለት ብሎክ፣ ሁለት መንገድ ተሻግሮ፣ ራቅ ቢል ማን እንደሚቸገር ጠየቀ። ጋሽ አባይነህ የሚባሉ ጡረተኛ ታክሲ ነጂ በሳምንት ሦስት ቀን በዚያ አውቶቡስ ለኩላሊት እጥበት ይሄዳሉ፤ ጉልበታቸው ከከዳቸው ቆይቷል።

«ምን ችግር አለው ልጄ፣ እናንተ ከደከማችሁበት» አሉ። ሌሎቹም እሳቸውን ተከተሉ። አለምሰገድ ደስ ብሎት ጻፈ።

ፀዳል ግን ታውቅ ነበር። የእኛ ሰው ለመጀመሪያው ጥያቄ እውነቱን ይመልሳል እንዴ? ብላ ቢሉት ጠግቤያለሁ ይላል፤ እጁን የሚታጠበው በሞቴ ሲባል ነው። ደግመህ ጠይቃቸው ልትለው ይገባ ነበር። ምን ያደርጋል፣ የዚያን ቀን እራት እንብላ ብሏት ነበርና ደስታውን ለማበላሸት አልጨከነችም። ዝም አይነቅዝም ብላ ዋጠችው።

ከዚያ በኋላ ያሉት ወራት መልካም ነበሩ። ኮልፋክስ የሚባለውን ረጅም ጎዳና ከጫፍ እስከ ጫፍ በእግራቸው እየሄዱ ጥላ የሌለበትን ማዕዘን ሁሉ ካርታ ላይ ምልክት አደረጉ። ብርድ ሲሆን ጓንቱን አውልቆ ይሰጣታል፤ አልበረደኝም ትለዋለች፤ እሱም አምኖ መልሶ ያጠልቀዋል። ትናደዳለች፣ ትስቃለች፣ ትወደዋለች። እወድሃለሁ ግን አላለችውም።

ፌርማታው ተዛወረ። በጥር ጋሽ አባይነህ ወደዚያ ሲሄዱ በረዶ አዳለጣቸውና ዳሌያቸው ተሰበረ።

ሆስፒታል አብረው ጠየቋቸው። አለምሰገድ ለምን እንዳልነገሩት ጠየቀ።

«የእኛ ልጅ ለዚህ ማዕረግ በቅቶ፣ በፈረንጆቹ ፊት ላሳፍርህ?» አሉት። «ደግመህ ብትጠይቀኝ ግን እነግርህ ነበር።»

ወደ ኮሪደሩ ሲወጡ ወደ ፀዳል ዞረ።

«አንቺስ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

አልጮኸባትም። ቢጮህባት ይሻላት ነበር።

ከዚያ በየቤቱ ዞረ፤ ሁሉንም ሁለት ሁለቴ እየጠየቀ ጻፈና ፌርማታው በሚያዝያ ወደ ቦታው ተመለሰ። ፀዳል ስታስተረጉምለት ከረመች፤ ከሥራ ወሬ በቀር ግን አይነጋገሩም። በግንቦት ሩቅ ከተማ፣ ሲያትል፣ ሥራ አገኘ። ሊሰናበታት መጥቶ ከአፓርትመንቷ ፊት ለፊት መኪናውን አቆመና በሩ ላይ ቆመ።

«ከፈለግሽ እቀራለሁ» አላት።

ይቅር እንዳላት ገባት። አንደበቷ ግን የለመደውን ተናገረ።

«እንዳንተ ነው። የሚሻልህን አድርግ።»

ፈገግ አለ። «አሁን እኮ ተምሬያለሁ፤ ደግሜ እጠይቃለሁ። በሞቴ ፀዳል፣ ልቅር?»

«ቅር፣ አትሂድ» ማለት ምን ይከብዳል? እሷ ግን የጋሽ አባይነህ አልጋ ትዝ አላት። በእኔ ዝምታ ሽማግሌ ተሰበረ፣ ደግሞ በእኔ ምክንያት ሥራው ይቅርበት? አለች በሆዷ። ቀና ብላ ልታየው እንኳ አፈረች።

«ኧረ ሂድ፣ እኔ ምንም አልሆንም» አለችው።

ሁለቴ ጠይቆ ሁለቴ ተመልሶለታልና አመናት። ጉንጯን ስሞ ወደ መኪናው ሄደ።

ፀዳል በሩን እንደያዘች፣ ሦስተኛ ይጠይቀኝ ይሆናል ብላ ጠበቀች። መኪናው ታጥፎ ከዓይኗ እስኪጠፋ ድረስ፣ «ቅር» የሚለው ቃል አፏ ውስጥ ነበር።