ቅርፊቱ የተላጠው ጥድ

«ለመላው የደን ጽሕፈት ቤት ሠራተኞች፦ የስብሰባ አዳራሹ የግድግዳ ሰዓት አዲስ ባትሪ ተገጥሞለት መደበኛ ሥራውን መጀመሩን በታላቅ ኩራት እናበስራለን።»

ማስታወቂያው በተለጠፈበት ጠዋት፣ የሚቆረጡ ዛፎችን ቀይ ቀለም እየቀባ የሚለየው ምልክት አድራጊ ዳገቱ ላይ በወደቀ ጥድ ሥር ሞቶ ተገኘ። የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ለሰዓቱ የጻፉትን ያህል እንኳ አልጻፉለትም፤ «የነፋስ አደጋ» ብለው ዘጉት።

መርማሪዋ ጎንበስ ብላ ጉቶውን አየች። ግማሹ በመጥረቢያ ተመትቷል።

«ነፋሱ መጥረቢያውን ከየት አገኘው?»

ድርቁ ከገባ ዓመታት ሆኖታል። ውሃ የጠማው ጥድ ሙጫ አያመነጭም፤ ሙጫ ከሌለው ደግሞ ጥንዚዛ ቅርፊቱን በስቶ ገብቶ ውስጥ ለውስጥ ይጨርሰዋል። ከዳገቱ አናት በቀር አረንጓዴ የቀረ የለም። ሟቹም ቀለሙን ይዞ ሲወጣ የነበረው ወደዚያው፣ ወደ ጤነኞቹ ነበር።

ኃላፊው ሟቹ ወንበራቸውን ይመኝ እንደነበር አልሸሸጉም። የእንጨት መሰንጠቂያው ባለቤት፣ የሟቹ እህት ባል፣ መጣላታቸውን አመነ፤ ግን ዛፍ ቶሎ ምልክት እንዲያደርግለት የሚለምነውን ሰው ምን ብሎ ይገድለዋል? ጥዶቹን በወጣትነታቸው በእጃቸው የተከሉት ሽማግሌው የደን ጠባቂ ደግሞ ያን ቀን ዳገቱን እንዳልረገጡ ተናገሩ።

ከሰዓት በኋላ ሦስቱንም ግንዱ አጠገብ ሰበሰበቻቸው። ሬሳው ተነስቷል።

«ግንዱ ሬሳው ላይ ካረፈው ቦታ በስተቀር ከጫፍ እስከ ጫፍ ተልጧል» አለች። «ስለዚህ የተላጠው ሰውየው ከሞተ በኋላ ነው። ቅርፊቱስ?»

ኃላፊው በድርቁ ምክንያት እሳት ስለተከለከለ ጥንዚዛ የገባበት ቅርፊት በመቃጠል ፈንታ እንደሚቀበር መመሪያ ጠቅሰው አስረዱ። እሷ አስቆፍራ አግኝታዋለች፤ የጥንዚዛው እጮች ገና ይላወሱበት ነበር።

«ገዳዩ ዛፉን አስቀድሞ እስከ ግማሹ ድረስ መትቶ አድፍጦ ጠበቀ፤ ሟቹ ሲያልፍ ጣለበት። ኃላፊው የቅርፊት መላጫ ጨብጠው እንደማያውቁ እጃቸው ይመሰክራል። የእህቱ ባል ደግሞ ጥንዚዛው በተዛመተ ቁጥር እንጨት ይበዛለታል፤ ምን ጨነቀው? ገዳዩ የሟቹን ዓይን እንኳ ሳይከድን ነው ግንዱን የላጠው። ጥንዚዛው ወደ አረንጓዴዎቹ እንዳይበር ብሎ እዚያው ቁጭ ብሎ ግንድ የሚልጥ ሰው አንድ ብቻ ነው።»

ወደ ጠባቂው ዞረች።

«ጋሼ፣ ጥለውት ቢሄዱ ኖሮ ማንም አያውቅብዎትም ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን?»

ሽማግሌው ወደ ዳገቱ አናት ተመለከቱ። ከጫፍ ያሉት አረንጓዴ ጥዶች ቀይ ቀለም ተቀብተዋል።

«መግደሌን ጻፊው፣ ልጄ» አሉ። «ሌላውን አላስረዳም።»